«እማዬ በሞቴ አትነሺ»

ተመራማሪዋ የምትሠራው በሽማግሌዎች ጭን ላይ ነው። አባባሉ ያስቃል፤ እህትና ወንድሟም ሲስቁበት ኖረዋል። «ዶክተር ጡንቻ» ይሏታል። ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። በመርፌ ከጭን የሩዝ ፍሬ የምታህል የጡንቻ ቁራጭ ትወስዳለች፣ ታቀዘቅዛለች፣ በስሱ ትቆርጣለች፣ ቀለም ትቀባለች፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ ታጎነብሳለች። የምትፈልገው የአንድ ጥያቄ መልስ ነው፤ ያረጀ ጡንቻ ስኳር ማቃጠል የሚያቅተው ስላረጀ ነው ወይስ ሥራ ስለፈታ?

ይህን ለመለየት ጡረተኞችን ሰብስባ በአንድ እግራቸው ብቻ ክብደት ታስገፋለች። ሌላው እግር ያርፋል። ሰውየው አንድ፣ ምግቡ አንድ፣ ዕድሜው አንድ፤ ልዩነት ከመጣ ያመጣው ሥራው ነው።

«ቀኝ እግሬ ግራውን መናቅ ጀምሯል» አሉ አንድ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ፣ ማሽኑን እየገፉ። «ደረጃ ላይ ‹ና እንጂ አንተ ሰነፍ› ይለዋል።»

«ግራውን ቤት ደብቀው እንዳያሠሩብኝ ብቻ፣ አባባ።»

«የት አግኝቼ? ቤት እኮ ልጆቼ የውሃ ጆግ እንኳ አያስነሱኝም። እኔ ብድግ ስል ቤቱ በሙሉ ብድግ ይላል። ለመሥራት እዚህ፣ ለመከበር እዚያ!»

ሳቀች። ያን ሰሞን ግን ልቧ እናቷ ጋ ነበር።

እናቷ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። የሚኖሩት አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሐኪሙ መርምሮ በሽታ አላገኘባቸውም፤ ሆኖም ሰው ካልጎተታቸው ከወንበር አይነሱም። ታላቅ ወንድሟ ፈርዷል። ቤተሰቡ «ኮማንደር» ይለዋል፤ ወታደር ሆኖ ግን አያውቅም። በወሩ መጨረሻ እናቱን ከከተማው ጫፍ ወዳለው፣ ደረጃ ወደሌለው ቤቱ ሊወስዳቸው ነው።

«እዚያ ከገባሁ ጎረቤቶቼን የማያቸው በፎቶ ነው» ይላሉ እናትየው። የሚሰማቸው የለም።

ተመራማሪዋ ከሥራ ወጥታ እናቷ ጋ ጎራ አለች። እናትየው ጠረጴዛው ላይ ያለውን መነጽራቸውን ፈልገው የወንበሩን መደገፊያ ያዙ።

«እማዬ በሞቴ አትነሺ! እኔ አቀብልሻለሁ።»

መነጽሩን አንስታ ባለችበት ቆመች። ቀኑን ሙሉ ሽማግሌዎችን «አይዞዎት፣ አንዴ ደግሞ ይግፉ» ስትል ውላለች። እዚህ ቤት ግን አባታቸው ካረፉ ወዲህ እናቱን ያስነሳ ልጅ የለም። ኮማንደር መድኃኒቱን፣ እሷ ምግቡን፣ ታናሽ እህቷ ጫማውን ሳይቀር ያቀርባሉ። ተባብረው የእናታቸውን ሁለቱንም እግር አሳርፈዋል።

መነጽሩን ወደ ጠረጴዛው መለሰችው።

«ምነው?» አሉ እናትየው።

«ተነስተሽ አምጪው።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። እግርሽ ሥራ ፈቷል።»

«እኔንም እንደ ሽማግሌዎችሽ ልታደርጊኝ ነው?»

«እነሱን በመርፌ እወጋቸዋለሁ። አንቺን ምሬሻለሁ።»

ሞከሩ፤ ተመልሰው ዘጭ አሉ። አላለቀሱም፣ ተሳደቡ እንጂ። ልጅየዋ ወንበሩ ላይ ወፍራም ትራስ ጨመረች። መቀመጫው ከፍ ሲል ተነሱ። በማግሥቱም እንዲሁ። እያደር ትራሱ በቀጭን ተተካ፤ በኋላም ጨርሶ ቀረ። ማሽን የለም፣ ብረት የለም፤ መቀመጥና መነሳት ብቻ። ታናሽ እህት አኮረፈች። «እናታችንን ስታዢ ሰው ምን ይላል?» አለች። ሰውም የሚለውን አለ።

በዚያው ሰሞን የልብስ ሰፊው ጡንቻ ውጤት ደረሰ። የሠራው ጭን ስኳሩን እያነደደ ነው፤ ያረፈው እንደነበረ ነው። ሰውየው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የአንድ ሰው ጭን ማስረጃ እንደማይሆን፣ የሌሎቹን መጠበቅ እንዳለባት ታውቃለች። ቢሆንም መቀመጥ አልቻለችም፤ ኮሪደር ላይ ወጥታ ተንጎራደደች።

በወሩ መጨረሻ ኮማንደር ባዶ ካርቶኖች ተሸክሞ መጣ። ደወለ። የሚከፍት የለም። በሩን ይደበድብ ጀመር።

«ክፈቱ እንጂ! ወድቃ ነው እንዴ?»

«በር አትስበርብኝ፣ እየመጣሁ ነው!»

የእናቱ ድምፅ ነው። ወንበር ሲንቋቋ፣ ነጠላ ጫማ ወለሉ ላይ ሲጎተት ተሰማው። በሩ ተከፈተ። እናቱ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆመዋል። ከኋላቸው ተመራማሪዋ እህቱ እንደ እንግዳ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች።

«አታፍሪም? አንቺ ቁጭ ብለሽ እሷ በር ትከፍታለች?»

«ልክፈት ብላት ትቆጣለች።»

«ቤቴ ነው፣ በሬን እኔ እከፍታለሁ» አሉ እናትየው።

ኮማንደር ካርቶኖቹን አስቀመጠ። ላብ አጥምቆታል። «እሺ፣ ደረጃውስ?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር። ደረጃውን ገና አልሞከሩትም።

«ከነገ ጀምሮ አንድ ፎቅ ወርጄ እመለሳለሁ» አሉ እናትየው።

«ብትወድቂስ?»

«አንተ ከፊቴ ትወርዳለህ። ወፍራም ነህ፤ ታቆመኛለህ።»

ኮማንደር እህቱን አያት፤ እናቱን አያቸው።

«ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለ።