ለአሮጌው ባሕር ዛፍ የሠራሁት ባላ

ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ ሳለሁ ሱቄ በአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ጎጎ» ይላቸዋል፤ አያቴ እንደማለት ነው። በዕድሜ ብዙም ባንራራቅም እኔም እንደሰዉ ጎጎ እላቸው ነበር። በግቢያቸው ጥግ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ባሕር ዛፍ ቆሟል። ታክሲ የተሳፈረ ሰው «ዛፉ ጋ» ካለ ሾፌሩ ሌላ አይጠይቅም።

በኮሮናው በመጀመሪያው የብርድ ወቅት ባላቸው ሞቱ። አስከሬኑ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ መቃብር ሄደ፤ ቤቱን እንኳ ሳያይ። ቤት መግባት ተከልክሎ ስለነበር ለቀስተኛው ዛፉ ሥር ተራርቆ ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ለጎጎ መቃብሩ ያ ዛፍ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ የማዘጋጃ ቤት ሰው መጣ። አንዱ ትልቅ ቅርንጫፍ ወደ መንገዱ አዘንብሏል። «ወይ ደግፉት፣ ወይ ዛፉ ከነሥሩ ይነሣል» ብሎ ሄደ።

ጎጎ በብረት ፍርግርግ ወደተዘጋው የሱቄ መስኮት መጡ፤ እኔን «ባባ» ይሉኛል፣ አባት እንደማለት። «ባባ፣ አገርህ ቤት ትሠራ ነበር አይደል? አድንልኝ።»

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቤት ግን ብዙ ሠርቻለሁ። በስኳር ካርቶን ላይ በከሰል ሣልኩላቸው፤ ከወፍራም የብረት ቱቦ የተበየዱ ሁለት ባላዎች፣ ሥሩን የሚከብ አጥር፣ ከአጥሩ ውጪ መቀመጫ።

«አጥሩን ዝቅ አድርገው፤ ግንዱ ይታይ» አሉኝ። «እንደ ራስህ በፍርግርግ ቆልፈህ ዳቦ እንዳታሸጠው!»

ከባላቸው ሞት ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ብረቱን ሊያቆምልኝ የመጣው ያገሬ ልጅ፣ የጎረቤት ባለሱቅ፣ አላስቀመጠኝም። «ጋሼ፣ አገር ቤት ቢሆን ይሄኔ ሰንጥቀህ ማገር አድርገኸው ነበር። እዚህ ለባሕር ዛፍ ከዘራ ትሠራለህ?»

እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ ባሕር ዛፍ ጭን ሲያክል ይቆረጣል፤ አጠና ይሆናል። ያረጀ ባሕር ዛፍ አይቼ አላውቅም ነበር። የማውቀው ሞቶ፣ ተልጦ፣ ጣሪያ ተሸክሞ ነው።

እናም እንደ ጣሪያ አሰርኩት። ቅርንጫፉን ባላው ላይ አሳርፌ በሽቦ ደጋግሜ ጠመጠምኩ፤ በጉጠት እየጠመዘዝኩ አጠበቅኩ። ስገፋው ንቅንቅ አላለም። ደስ አለኝ። ሰዉም ተራርቆ መቀመጫው ላይ ማረፍ ጀመረ።

በቀጣዩ ዓመት ዝናቡ ሲገባ ከባድ ነፋስ መጣ። ከሱቄ ሆኜ ስንጥቅ ሲል ሰማሁ። ቅርንጫፉ ከመጋጠሚያው ተገንጥሎ ግንዱን እስከ ወገቡ ሰንጥቆት ወርዷል። ሰው አልተጎዳም። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ሽቦው የበላውን ቅርፊት በጣቱ ዳሰሰ።

«ግንዱ በነፋስ ይወዛወዛል፤ ክንዱን ግን አስረኸዋል» አለኝ። «ባላው ላይ ጎማ አንጥፈህ ልቅ ብትተወው ኖሮ አብሮ ይሄድ ነበር። አሁን አይተርፍም።»

ጎጎ በር ላይ ናቸው፤ አልሰሙም። ሄድኩና ነገርኳቸው።

«ጎጎ፣ ነፋሱ አይደለም። ያጠበቅኩት እኔ ነኝ።»

አልፈውኝ ወደ ተሰነጠቀው ግንድ ሄዱ።

የማዘጋጃ ቤቱ ዛፍ ቆራጮች ሲመጡ ቅርንጫፍ ልመለምልላቸው ብዬ መጥረቢያዬን ይዤ ወጣሁ።

«አንተ ተው፣ ባባ» አሉኝ ጎጎ፤ ድምፃቸው አልተቆጣም። «አንተ አትንካው።»

መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀምጬ መንገዱን ተሻገርኩ። እስኪጨርሱ እዚያው ቆምኩ።