በጡሜ እንጀራ ገባሁ

ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ያቤሎ

ሚኒባሱ ያቤሎን ሲለቅ ገና ጎህ አልቀደደም። ሹፌሩ ጃተኒ ይባላል፤ ሞያሌ ተወልዶ ያደገ፣ ኦሮምኛውን፣ አማርኛውንና ስዋሂሊውን በአንድ ትንፋሽ የሚቀላቅል ሰው ነው። እኔ የተላክሁት ከድንበሩ ማዶ እስከ ናይሮቢ ስለተዘረጋው አዲስ አስፋልት ለጋዜጣችን እንድጽፍ ነበር። ዱብሉቅ ላይ ፀሐይ ወጣች። ቀይ አፈር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ፣ መንገድ ዘግቶ የሚንጎማለል ግመል። ሜጋ ላይ ለሻይና ለብስኩቱ ኪሴ ስገባ ጃተኒ ቀደመኝ።

"ምሳውን አንተ ትከፍላለህ፤ ኬንያ ነው የምንበላው" አለኝ እየሳቀ።

7 ሰዓት፣ ኬንያ ሞያሌ

ፓስፖርቴን አስመትቼ፣ ብሬን በሽልንግ መንዝሬ ድንበሩን በእግር ተሻገርሁ። ጃተኒ የወሰደኝ ሆቴል ባለቤት ጋሽ አስፋው ናቸው፤ ከደጋ መጥተው እዚያ ያረጁ፣ ከሒሳብ መቀበያው ጠረጴዛ የማይነሱ ሽማግሌ።

ያስተናገደችን ጡሜ ነበረች። የቡቲዬ መንደር ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳን ያለፈ፣ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች፣ አራት ሳህን በአንድ ክንድ የምትሸከም። የፍየል ጥብስ በሩዝ፣ ትኩስ የቻፓቲ ቂጣ። ሳልጠይቃት ሚጥሚጣ አመጣችልኝና "ሐበሻ ያለዚህ አይበላም" አለችኝ።

ሒሳቡ መጣ። ምግቡ ለሁለታችን ስምንት መቶ ሽልንግ፤ ከሥሩ ደግሞ "ሰርቪስ ቻርጅ፣ አሥር በመቶ" ተብሎ ሰማንያ ተጨምሯል።

"ይሄ ሰማንያው የናንተ ነው አይደል?" አልኋት።

ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ለእኛ አይደርስም። እኛ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚተወውን ነው የምንበላው። ግን ወረቀት ላይ ሰርቪስ ካየ ምን ይተዋል? ከፈልሁ ይላል፣ ይሄዳል።"

"ደመወዝሽስ?"

"አለ፣ ትንሽ ነው። ተወው ወንድሜ።"

ምነው በተውሁት! መቶ ሽልንግ ከሳህኑ ሥር አድርጌ ብወጣ ምን ነበረበት? እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሒሳቡን ይዤ ሄጄ ጋሽ አስፋው ፊት ተገተርሁ።

"ጋሼ፣ ይህ አሥር በመቶ ለአስተናጋጆቹ አይሰጥም አሉ። የላባቸው ዋጋ አይደለም እንዴ?"

ቤቱ ጢም ብሏል። የከባድ መኪና ሹፌሮች ከሳህናቸው ቀና አሉ።

"ማነው ያለህ?" አሉኝ ጋሽ አስፋው።

ዓይኔ ወደ ጡሜ ሄደ። እሳቸውም ዓይኔን ተከትለው አዩዋት። ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር፤ እጇ ባለበት ቀረ።

ጃተኒ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። "ምን ነካህ? አንተ ነገ ከነገ ወዲያ ትሄዳለህ፤ እሷ እዚህ ናት" አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት አልገባኝም። እንዲያውም ትልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ለቁርስ ስመለስ ሌላ አስተናጋጅ መጣችልኝ።

"ጡሜስ?"

"ትናንት ተባረረች" አለችኝ። የት እንደማገኛት ስጠይቃት ወደ ጋሽ አስፋው ሰረቅ አድርጋ አየችና "ሂን ቤኩ፣ አላውቅም" ብላ ሄደች።

ሞተር ተኮናትሬ ቡቲዬ ወረድሁ። የእሾህ አጥር፣ ፍየሎች፣ ጠያይቄ ያገኘሁት ባለ ቆርቆሮ ጎጆ። ጡሜ ከእናቷ ጋር ደጅ ተቀምጣለች። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። በርጩማ አወጣችልኝ፣ ወተት ቀዳችልኝ። ስድቡ ይሻለኝ ነበር።

"ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ላንቺ ብዬ ነው" አልኋት።

"አውቃለሁ፣ ለእኔ ብለህ ነው። ግን እኔን አልጠየቅኸኝም።" ወደ እናቷ አየች። "ስድስት ዓመት ሠራሁ። እናቴ ስትታመም ለሐኪም የከፈለልኝ አስፋው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። በሰው ፊት አዋረድኸው።"

ያለኝን ሽልንግ ሁሉ ከኪሴ አወጣሁ። እጄን በቀስታ መለሰችው።

"ወተት በሽልንግ አይጠጣም። ልትረዳኝ ከፈለግህ ሂድና፣ ጡሜ ምንም አላለችም በለው።"

10 ሰዓት

ጋሽ አስፋው ፊት ቆሜ ዋሸሁ። ራሴ ገምቼ ነው እንጂ እሷ አልነገረችኝም አልሁ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ልጄ፣ የነገረችህ እውነት ነው" አሉኝ። "ያ ገንዘብ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ ነው የሚሄደው። ለብቻዬ ብትጠይቀኝ ቁጭ ብለን እናወራ ነበር። አንተ ግን በደንበኞቼ ፊት ሌባ አደረግኸኝ። አሁን ብመልሳት፣ እውነትም በልቷል ይሉኛል።"

"እሷ ምን አጠፋች ታዲያ?"

"ምንም" አሉ። ሰው ሒሳብ ሊከፍል ከኋላዬ ቆሞ ነበርና ዞር በል አሉኝ። ዞር አልሁ።

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ድንበሩ ላይ

ጃተኒ ማዶ መኪናውን አሙቆ ይጠብቀኛል። ኬላው እስኪከፈት የወተት ጀሪካን ካዘሉ ሴቶች ጋር ተሰልፌ ሳለሁ ከመካከላቸው አንዷ ጠራችኝ። ጡሜ ናት። የጎረቤት ወተት ይዛ ወደ ኢትዮጵያው ገበያ እየተሻገረች ነው።

"እምቢ አለ፣ አይደል?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

"ጋዜጣ ትጽፋለህ አለኝ ጃተኒ። ይሄንን ትጽፋለህ?"

"አንቺ ካልሽ እተወዋለሁ።"

"ጻፍ። ግን የሆቴሉን ስም እንዳትጽፍ። እዚያ አምስት ሴቶች ቀርተዋል፤ እነሱ ይብሉ።"

"ያንቺንስ ስም?"

"የእኔን ጻፍ" አለች ጀሪካኑን ወደ ጀርባዋ ከፍ እያደረገች። "ከእኔ አሁን ምን ይወስዳሉ?"

የሆቴሉን ስም አልጻፍሁም፤ ጋሽ አስፋውም እውነተኛ ስማቸው አይደለም። ጡሜ ግን ጡሜ ናት።