ለወፍጮው የሠራሁት ጆሮ

አባቴ ከሚሴ ገበያ አጠገብ ባለችው ወፍጮ ቤታችን በየጠዋቱ የመዶሻ እጀታ ኩሽኔታው ላይ ያቆምና ሌላውን ጫፍ ጆሮው ላይ አስደግፎ ያዳምጥ ነበር። ኩሽኔታው የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመው ብረት ነው። ሲያረጅ ድምፁ ይሻክራል፤ በጊዜው ካልተቀየረ ግሎ ዘንጉን ይሰብራል። የተሰበረ ዘንግ ሰው ሲያቆስል አይቻለሁና በዚያ እጀታ አልቀልድም።

ጆሮው መድከሙን ግን ማናችንም አላወቅንም። በእኛ አገር ሰላምታው ረጅም፣ መልሱም የታወቀ ነው፤ ከንፈር እያየ «አልሐምዱሊላህ» የሚል ሰው ምንም ሳይሰማ ይከርማል። አንድ ቀን ከጨፋ የመጣች የቆየች ደንበኛችን ለሰደቃ የሚሆን ማሽላ አወረደች። «አካም ቡልተኒ?» ብላ እንዴት እንዳደረ ጠየቀችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ባለቤቴ አኼራ ሄደ» ብላ ሞቱን ነገረችው።

አባቴ ፈገግ ብሎ፣ «አልሐምዱሊላህ! ከብቶቹስ ደህና ናቸው?» አላት።

ሴትዮዋ ዞራ እኔን አየችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማታ ሴትዮዋ ያለችውን አባቴ ጆሮ ላይ ጮኼ ነገርኩት። ታላቅ ወንድሜ፣ «በቃ፣ የማይሰማ ሰው ወፍጮ አይነካም፤ ቁልፉን ያስረክብ» አለ። አባቴ ቁልፉን ጨብጦ እህል አልቀምስ አለ። አንጀቴን በላው።

ያኔ ቴክኒክ ኮሌጅ አስተምር ነበር። ሲንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ፣ ሳንቲም የሚያህል ስስ ሳህን ያለው መሣሪያ ሠርቼ ኩሽኔታው ላይ አጣበቅሁ። ባትሪ የለው፣ መስመር የለው፤ ከወፍጮው ንዝረት ጥቂት ጥቂት ኃይል እያጠራቀመ ድምፁን ያዳምጣል፣ ሲሻክርም ቀይ መብራት ያበራል። ወንድሜ እያጉረመረመ እስኪ እንየው አለ።

ክረምት ሲገባ መብራቱ በራ። አባቴ እጀታውን አንስቶ አዳመጠ፤ ምንም አልሰማም። መብራቱን አየና ወፍጮውን አጠፋ። ስንፈታው ኩሽኔታው ውስጡ ተበልቷል። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ የቁልፉን ነገር አላነሳም።

እኔ ደስ ብሎኝ ስስቅ አባቴ ከጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ለወፍጮው ጆሮ ሠራህለት፤ አላህ ይስጥህ» አለኝ። «ያቺን ሴትስ በምን ልስማት?»

ለዚህ የሚበራ መብራት አልነበረኝም። እስከዚያ ቀን አፍሮ ለቅሶ አልደረሳትም ነበር፤ በማግስቱ ጨፋ ወሰድኩት። ሴትዮዋ ስለ ባሏ ብዙ አወራችው። አባቴ አንድም ጊዜ «አልሐምዱሊላህ» ሳይል፣ እስክትጨርስ ድረስ ፊቷን እያየ አለቀሰ።