ኤምሊን ጥላና አምስተኛው መስመር

ኩምደሪ በምትባለው የደቡብ ዌልስ ሸለቆ ውስጥ ኤምሊን የሚባሉ ወንዶች ዘጠኝ ነበሩ፤ በቅጽል ካልተለዩ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም። ዳቦ ጋጋሪው ኤምሊን ዳቦ ነው። ሬሳ ሣጥን የሚሠራው ኤምሊን ሣጥን። ኤምሊን ፕሮበርት ደግሞ ኤምሊን ጥላ ይባል ነበር፤ ቡጢ ሲሰነዘርበት ቡጢው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ስለማይገኝ።

በከባድ ሚዛን የሚጋጠም ሰው እንዲህ መቅለሉ ያስገርማል። ከ1926 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. አርባ አንድ ጊዜ ተጋጠመ፤ ሠላሳ ስድስቱን አሸነፈ፤ አንድም ጊዜ አልተዘረረም። አፍንጫው እንደተወለደ ቀጥ ያለ ነበር። የመንደሩ ሴቶች በሚስቱ በኬይንዌን ላይ በዚህ ያሾፉባት ነበር።

«እውነት ባልሽ ቦክሰኛ ነው? ወይስ ቦክስ ልጫወት እያለ ስብከት ሊሰማ ነው የሚሄደው?»

ጥበቡን የተማረው ከመሬት በታች ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ የከሰል ጉድጓድ ገባ። ሰው ተንበርክኮ በሚቆፍርበት ቦታ ጣሪያው ከመውረዱ በፊት የደገፉት የጥድ ምሰሶዎች ይንጫጫሉ፤ ከዚያም ቀደም ብሎ ጥቂት ብናኝ ይረግፋል። ብናኙን አይቶ ዘወር ያለ ማታ ቤቱ ይገባል። «የሰውም ትከሻ እንደዚያው ነው፤ ከቡጢው በፊት ይናገራል» ይል ነበር ኤምሊን።

በ1933 ኅዳር ላይ ግን ጣሪያው ሳይናገር ወረደ። የራስ ቅል የሚያክል ድንጋይ ግራ ጆሮ ግንዱን መታው። በሳምንቱ ተነሥቶ ሥራ ገባ። ለውጡን መጀመሪያ ያየችው ኬይንዌን ናት፤ ሻይ ሲቀዳ ከሲኒው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። ከዚያ ደረቁን ጠረጴዛ በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ እርጥቡ ከዚያ ወዲህ ነበር።

ወደ ከተማ ወስዳ ለዓይን ሐኪም አሳየችው። ሐኪሙ ብዙ አላወራም። «የግራው ከእንግዲህ አይመለስም። የቀኙም ውስጥ ሳስቷል፤ ጠንከር ያለ ምት ካገኘው እንደ ግራው ይሆናል» አለ። ኤምሊን አመስግኖ ቆቡን አደረገ። በመንገድ ላይ ይህን ነገር ለማንም እንዳትናገር አስማላት።

ምክንያት ነበረው። የዌልስ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮና ለጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ፣ ካርዲፍ ሜዳ ላይ ተቆርጦ ነበር። ተጋጣሚው ጋርፊልድ ሞክሳም የተባለ የወደብ ሠራተኛ ነው። ከዚያ በፊት የሸለቆው ሐኪም፣ እንግሊዛዊው ዶክተር ፔምበርተን፣ ፈቃዱ ላይ መፈረም አለበት። ዶክተሩ ግድግዳው ላይ የፊደል ሰሌዳ ሰቅሏል፤ በእያንዳንዱ ዓይን አምስተኛውን መስመር ያስነብባል። አንድ ፊደል የሳተ ፈቃድ አያገኝም።

«ሂጂና ጉሮሮዬን አመመኝ በዪው» አላት ኤምሊን። «አፍሽን ከፍተሽ ስትቀመጪ ሰሌዳው ፊት ለፊትሽ ነው። አምስተኛውን መስመር ያዢልኝ። ሁልጊዜ ከግራ ዓይን ነው የሚጀምረው። ቀኙን ራሴ አነባለሁ፤ ግራውን አንቺ ታነቢልኛለሽ።»

«ቀኙ ሲጠፋስ ማን ያነብልሃል?»

«ማን ይነካኛል?»

«ድንጋዩ ነክቶህ የለም እንዴ?»

«ድንጋይ ትከሻ የለውም፣ ኬይን።»

ሄደች። መስመሩ ቲ፣ ኤል፣ ኤፍ፣ ኦ፣ ዲ ይላል። ዳገቱን እስክትወጣ በልቧ ስትደግመው ቆየች፤ ደጃፏ ስትደርስ ግን ቆመች። አንዱን ፊደል ብትቀይረው ዶክተሩ ይከለክለዋል። ክልከላው የእሷ አይሆንም፤ የሰሌዳው ይሆናል። ኤፍን ለማውጣት ወሰነች፤ በምትኩ ቪን አስገባች። ቪ በዌልስ ፊደል ውስጥ የለም። ከሌለ ፊደል የባሰ ስሕተት ምን ይኖራል ብላ ነው።

ባሏ በጆሮው የሰማውን የማይረሳ ሰው ነበር። ሁለት ጊዜ አስደገማትና ጨረሰ። «ቲ፣ ኤል፣ ቪ፣ ኦ፣ ዲ።» ሳመችው፤ ከንፈሯ ቀዝቅዞ ነበር።

በቀጠሮው ቀን አብራው ገባች። አሠልጣኙ፣ ወተት የሚያዞረው ሞስቲን፣ በር ላይ ቆሞ ፒፓውን ያጨሳል። ዶክተሩ የኤምሊንን ቀኝ ዓይን በካርቶን ሸፈነ።

«አምስተኛውን።»

«ቲ፣ ኤል፣ ቪ፣ ኦ፣ ዲ።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፍ ቆመ። «ሦስተኛው ምን ነው ያልከኝ?»

«ቪ።»

ኬይንዌን ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨመቀች። በሩ ላይ የነበረው ሞስቲን ፒፓውን ከአፉ አወጣ። ዶክተሩ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እናንተ ሰዎች! ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያችሁ ስኖር ይህንን አጣዋለሁ? ኤፍን 'ኤቭ' ነው የምትሉት፤ የቤተ ጸሎት ትምህርታችሁ ነው። እንግሊዝኛውን ከዌልሱ ቀላቅለህ አመጣኸው፣ አይደል?»

እውነቱን ነበር። በዌልስ ንባብ የኤፍ ድምፁ 'ቭ' ነው፤ 'ፍ' ለማለት ሁለቱን ደርድሮ መጻፍ ያስፈልጋል። ኬይንዌን ይህንን ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ራሷም ለልጆች ታስተምረዋለች። ከፊደል ሁሉ መርጣ የያዘችው የገዛ ቋንቋዋ የሚምረውን ነበር።

አሁን መናገር ትችል ነበር። አፏንም ከፈተች። ዶክተሩ ዞር ብሎ «ጉሮሮሽ እንዴት ሆነ፣ ሚስስ ፕሮበርት?» አላት። «ደህና ነው» አለች።

ካርቶኑ ወደ ግራ ዓይን ዞረ። ኤምሊን አሁን በራሱ ዓይን ያያል። «ቲ፣ ኤል» አለና ቆመ። ሦስተኛውን ፊደል አየው። ቪ አልነበረም። ግድግዳውን ትቶ ሚስቱን ተመለከተ፤ ብዙ አልቆየም፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ነው።

«ኤቭ» አለ ጥርት አድርጎ፣ በዌልስ አነጋገር። «ኦ፣ ዲ።»

ዶክተሩ ፈረመ። ሞስቲን «እንግዲህ ሞክሳም ሣጥኑን ይዘዝ!» እያለ ቁልቁለቱን ወረደ። ባልና ሚስቱ ዳገቱን ወጡ። ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ ኤምሊን «ጉሮሮሽ ግን እውነት ተሻለሽ?» አላት። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሣውም።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ካርዲፍ ላይ ፀሐይ ነበር። ኬይንዌን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሪንጉ አጠገብ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። እስከ አሥረኛው ዙር ሞክሳም አየር ሲደበድብ ዋለ። «ጥላውን ትተህ ሰውዬውን ምታ እንጂ!» እያለ ሕዝቡ ይስቃል። ሞክሳም ግን ሞኝ አልነበረም፤ በአሥራ አንደኛው ዙር በኤምሊን ግራ በኩል መዞር ጀመረ። ኤምሊንም አብሮት ዞረ፤ አንገቱን እንደ ወፍ እየሰበረ ዞረ። ያኔ ያልታየች ቡጢ ከግራ መጥታ ፊቱን ወደ ቀኝ አዞረችው፤ ተከታይዋ ቀኝ ዓይኑ ላይ አረፈች።

አልወደቀም። የቀሩትን አራት ዙሮች በሞክሳም ትንፋሽና በጫማው ድምፅ እየተመራ ተጋጠመ። በነጥብ አሸነፈ። ሕዝቡ ዘፈነ። ኬይንዌን አልዘፈነችም፤ ዳኛው እጁን ሲያነሣለት ባሏ የሚያየው ሰዎቹ ወደሌሉበት ወገን ነበር።

ኩምደሪ ሲገቡ ከባቡር ጣቢያው እስከ ቤታቸው እጁን ትከሻዋ ላይ ጥሎ ሄደ። ሴቶቹ «ሻምፒዮኑ ደግሞ ፍቅር ጀመረው!» ብለው አጨበጨቡ።

በሦስተኛው ሳምንት ከለንደን ደብዳቤ መጣ። ኤምሊን እሳቱ ፊት ተቀምጦ ነበር፤ ቀኝ ዓይኑ አሁን የመስኮቱን ብርሃን ብቻ ይለያል። ፖስታውን ቀዶ «አንብቢልኝ» አላት። አንድም ቃል ሳትቀይር አነበበች። ለመላው ብሪታንያ ሻምፒዮና የሚያበቃ ግጥሚያ በነሐሴ አለ፤ ጤነኛ መሆኑን በፊርማው ያረጋግጥ።

«ድገሚው።»

ደገመችው፤ አልተለየም። ኤምሊን ራሱን ነቀነቀ።

«እመጣለሁ ብለሽ ጻፊ።»

ወረቀትና ቀለም አመጣች። ጻፈች። ባሏ አንገቱን ወደ እስክሪብቶው ጭረት አዘንብሎ ያዳምጣል። ሸለቆው ውስጥ እንደ እሱ የሚያዳምጥ ሰው አልነበረም። ስትጨርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«ስንት መስመር ሆነ?» አላት።

«ሦስት።»

«'እመጣለሁ' ለማለት ሦስት መስመር?»

ወረቀቱ ላይ የጻፈችው ባለቤቴ በሁለቱም ዓይኖቹ አያይም፣ ሰኞም ዕለት ግራው አያይም ነበር፣ ይህንንም እኔ አውቅ ነበር የሚል ነው። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ድገሚልኝ ይላል ብላ ጠበቀች። እሳቱ ውስጥ ከሰል ተሰነጠቀ። ኤምሊን እጁን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋ።

«የት ጋ ነው የምፈርመው?»

ጣቱን ይዛ ቦታው ላይ አሳረፈችለት። ቀስ ብሎ፣ ሙሉ ስሙን ፈረመ።