በሦስት ብልቃጥ የአንድ ሰው ሽንት

ዘይኔን ቆጥቋጣ እያልን ስንስቅበት ነው የከረምነው። ሳዑዲ፣ ጂዛን አጠገብ ባለችው ባይሽ ውስጥ በአንድ የፍየል እርሻ አብረን የምንሠራው ሦስት ነበርን፤ እሱ፣ ካሳና እኔ። ሦስታችንም በየመን በኩል የገባን፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለን ነን። ካሳና እኔ አዋጥተን ሩዝ እንቀቅላለን። ዘይኔ መዋጮ አያወጣም፤ ያገኛትን ሁሉ ወሎ ላሉት እናቱ ይልካል። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ጫት አይቀምስ፣ ሸማ የሚሉትን ትምባሆ ከንፈሩ ሥር አይከት፣ ሶላቱን አያጓድል። መጋዘኑን የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ፣ ጎርፍ ገብቶበት ለፍየሎቹ ከተተወው ማሽላ እየዘገነ ይፈጫል፤ ገንፎ አድርጎም ብቻውን ይበላል። ማሽላው ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። እኛም አፍንጫችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሊድያ መጣች። ጂዛን ውስጥ በአንድ ክሊኒክ የምትሠራ የአገራችን ልጅ ናት፤ የጉበት ካንሰር ከምን እንደሚመጣ ለሚያጠና ሱዳናዊ ሐኪም ታስተረጉማለች።

«ሻጋታ መርዝ አለው» አለችን። «በምግብ ከገባ ጉበትን ይጎዳል፤ ምልክቱም በሽንት ይወጣል። ዕጢ ከመብቀሉ ከዓመታት በፊት ያን ምልክት ካገኘነው ሰውየውን ማትረፍ እንችላለን። ስም አንጽፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ፖሊስ የለበትም።»

ማን ያምናታል? እኛ የምናውቀው ምርመራ «አንፊት»፣ ለሥራ ብቁ አይደለህም ብሎ ሰውን ወደ አገሩ የሚመልሰውን ነው። ካሳ ብልቃጦቹን ተቀብሎ፣ ከዓይኗ ስንርቅ ወደ ዘይኔ ዞረ።

«ያላ ዘይኔ፣ ከመሃላችን ንጹሕ ሰው አንተ ነህ። እኛ ጫት ቃሚዎች ነን፣ ይነቃብናል። ወንድሜ፣ በአላህ፣ ለማንም እንዳትናገር» አለው። እኔም ለመንኩት። ዘይኔ ፈገግ ብሎ «ቃሌ ነው» አለን፤ ሄደና ሦስቱንም ሞልቶ መጣ።

በሦስተኛው ሳምንት ሊድያ ከሐኪሙ ጋር ተመለሰች። ፊቷ ከብዷል።

«የሦስታችሁም ምልክት በጣም ከፍተኛ ነው። ግን ቁጥሩ እስከ ነጥቡ ድረስ አንድ ሆነ፤ ሦስት ሰው እንደዚያ ሊሆን አይችልም። ሐኪሙ ናሙናው ተበላሽቷል ብለው ሊጥሉት ነው። ከዛሬ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ፣ ወደ አል-ዓሪዳ እንሄዳለን፣ እዚህ አንመለስም። እውነት ሁላችሁም የየራሳችሁን ነው የሰጣችሁት?»

«አይዋ፣ የየራሳችንን ነው» አለ ካሳ ቀደም ብሎ። ዘይኔ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። ለእኛ የገባውን ቃል እየጠበቀ ነበር። ሊድያ ደብተሯን ዘጋች፤ ሐኪሙም የመኪናውን በር ከፈቱ። ያ መኪና ከሄደ ዘይኔን መርምሮ የሚያተርፈው ሰው አይኖርም። እኔ ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ፈርቻለሁ።

«እህቴ፣ ቆዪ!» አልኳት። «የሦስቱም ሽንት የዘይኔ ነው። የሻገተውን ማሽላ የሚበላው እሱ ብቻ ነው።»

ሊድያ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሐኪሙ በእጅ የሚያዝ አልትራሳውንድ አውርደው ዘይኔን ከጥላ ሥር አስተኙት፤ ሸሚዙን ገልጠው ሆዱን ብዙ ጊዜ አዩ። ዕጢ አላገኙም።

«ማሽላውን ዛሬውኑ ያቁም» አለች ሊድያ። «ከወር በኋላ ለእሱ ብለን እንመለሳለን፤ ቁጥሩ መውረዱን እናያለን። እስከ ዛሬ የበላው ምን እንዳደረሰበት ግን አሁን ላይ ሆኖ የሚያውቅ የለም።» ለካሳና ለእኔ ባዶ ብልቃጥ ሰጥታን፣ ስንሞላ ቆማ ጠበቀች።

መኪናው ከሄደ በኋላ ካሳ ተቅለስልሶ ወደ ዘይኔ ቀረበ። «ኸላስ፣ አልፏል ወንድሜ። ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ጋር ነው የምትበላው።»

ዘይኔ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ቀና አለ። ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኸም።

«ሽንቴን ስትፈልጉ ወንድሜ አላችሁኝ፣ ሰጠኋችሁ» አለ። «ያን ሁሉ ወር ዓይናችሁ ሥር ሻጋታ ስበላ ግን አንዳችሁም ና ቅመስ አላላችሁኝም።»