ለእንግዳ የተነቀለው የዘር ጎመን

ጎመን የሚቀጠፈው ከታች ነው። የታችኛው ቅጠል ይወሰዳል፣ ጫፉ አይነካም፤ ጫፉ ሽቅብ እየሄደ ሌላ ቅጠል ያወጣል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ስለ ጎመን ያስተማረችኝ ግን እናቴ ናት። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ስለ ጓሮ አትክልት ግማሽ ቀን ሙሉ ሲናገር ይህችን አንድ ነገር አላነሳትም። አያውቃትማ።

ሊቀ መንበሩ ልብስ ሰፊ ነበር። ልብስ መስፋት ነውር አይደለም። የአባቴን የመጨረሻ ኮት የሰፋለት እሱ ነው፣ አንዱ እጅጌ ከሌላው ቢረዝምም። ነውሩ፣ ሥልጣን ሲይዝ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወደ አፈር መምጣቱ ነው። በቀበሌው ግቢ «ሞዴል የአትክልት ቦታ» ሲቆፈር ያንን ሜትር እየዘረጋ መደቡን ለካ። በአንዱ ችግኝና በሌላው መካከል ያለውን ርቀት እንደ ኮት ቁልፍ ቀዳዳ ቆጠረ። ከመስመር ጣት ያህል የወጣ ችግኝ ካየ አስነቅሎ ያስተክላል።

«ቀጥ ይበል! ቀጥ ያላለ ነገር አይለማም!» ይል ነበር።

ችግኙ ቀጥ ብሎ ደረቀ። ውሃ ማጠጣቱ ለየቤቱ በተራ ተደልድሎ ነበር፤ ተረኞች ከሐይቁ ቀድተን እናመጣለን። ግን ስም የሚጠራው ሊቀ መንበሩ ቁርሱን በልቶ፣ ሱቁን ከፍቶ፣ ለሰው ሱሪ ለክቶ ሲመጣ ነው። ስም ሳይጠራ ያጠጣ እንደ ቀረ ይቆጠራል። ስለዚህ ሁላችንም እንስራችንን አጠገባችን አስቀምጠን ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ እንጠብቅና በተቃጠለ አፈር ላይ ውሃ እናፈሳለን። ከመካከላችን ይህ ትክክል እንዳልሆነ የማታውቅ ሴት አልነበረችም። አንዷም አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም። እኔስ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም፤ እነሱ ግን ገበያ ላይ ለአንድ እፍኝ ምስር ጎረቤት እስኪሰበሰብ የሚጮሁ ናቸው።

የእኛ ጓሮ ቁልቁል ወደ ሐይቁ የሚያይ ጠባብ ቦታ ነው። እናቴን እግሯ ካመማት ወዲህ የማጠጣው እኔ ነበርኩ፣ ንጋት ላይ፣ የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ቆርቆሮ ታቹን በምስማር ቀዳድቼ። በዚያ በጋ ሰባት ጎመን ለዘር ትተን ነበር። ለዘር የተተወ ጎመን ቅጠሉ አይቀጠፍም፤ ቁመቱ ከሰው ወገብ ያልፋል፣ ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ከዚያ ዘሩን የሚይዝ ቀጭን ቀጭን ዘለላ ይሠራል። እናቴ ይህን ዘር ከአምባሰል ስትዳር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው ያመጣችው። በየዓመቱ ይታደሳል። የአምናውን ዘርተነውና ለጎረቤት ሰጥተነው አልቋል። ስለዚህ ያ ዘር በዓለም ላይ የነበረው በነዚያ ሰባት እግሮች ላይ ብቻ ነው። ዘለላው ገና ለስላሳ ነበር። አንድ ወር ያህል ውሃ ይፈልጋል።

ከደሴ ትልቅ እንግዳ ሞዴሉን ሊጎበኝ እንደሚመጣ የተሰማው ያኔ ነው። ሊቀ መንበሩ በድርቆሹ መካከል ቆሞ ዙሪያውን አየ አሉ። ከዚያም ከሴቶች ማኅበር ኃላፊዋና አካፋ ከያዙ ሁለት ጎረምሶች ጋር በሞዴሉ የሚተክለው ነገር ፍለጋ በየጓሮው መዞር ጀመረ። እኛ ቤት ሲደርስ የሚበላውን ለምለም ጎመን አልፎ ቀጥታ ወደ ቢጫው አበባ ሄደ።

«ይህን እዩ! ይህ ነው እንጂ ጎመን!» አለ።

የማኅበሩ ኃላፊ የገበሬ ልጅ ናት፣ ከውጫሌ በላይ ያደገች። የዘር ጎመን ምን እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። እኔን አየችኝ፣ እሱን አየች፤ ከዚያ «እውነትም ያምራል፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለች።

እናቴ ቤት ውስጥ ከምትተኛበት መደብ ሆና ሰማችና ተጣራች። «አንተ ሰውዬ፣ ያ የዘር ነው! የሚበላውን ውሰድ፣ የዘሩን በአላህ ተውልኝ!»

«እሜቴ፣ አያስቡ። አብዮቱ ዘር አያጣም።»

«አብዮቱ አያጣ ይሆናል። እኔ ነኝ የማጣው!»

ጎረምሶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የነጠላዬን ጫፍ እየጠመዘዝኩ ነበር። «ገና አልደረሰም» ያልኩት ለነጠላዬ ነው። ስድስቱን ነቀሉ። ሰባተኛዋ ነፋስ ጥሏት በክርኗ ተደግፋ እንደተኛች ሴት ጎብጣ ነበር። ሊቀ መንበሩ በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋት።

«ይቺ ጎባጣ ታሰድበናለች። ተዋት» አለ።

በማግስቱ «ጎመኑ የአንቺ ስለሆነ አጠጪ ሆነሽ ትቆሚያለሽ» ተባልኩና ሄድኩ። ስድስቱ ጎመኖች በሜትር ተለክተው ተተክለዋል። በእኩለ ቀን ተነቅሎ በእኩለ ቀን የተተከለ ጎመን ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ለማያውቅ ደግሞ ሊቀ መንበሩን ማየት ይበቃል። አንገታቸውን ሲደፉበት ከሱቁ ክርና በትር አምጥቶ እያንዳንዱን በስፌት ክር አሰራቸው። ቋጠሮው ጥሩ ነበር። የሙያው ነዋ። በእጄ አዲስ ማጠጫ ሰጡኝ፤ ዋጋው የተለጠፈበት ወረቀት እንኳ አልተነሳለትም።

እንግዳው ከመኪናው ወርዶ ጥላ እስካለበት ድረስ ብቻ መጣ። ሕዝቡ «ይለምልም!» እያለ አጨበጨበ፣ በክር ለተንጠለጠለ ድርቆሽ። ሰውዬው አበባውን አይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«እኅቴ፣ ይህ አበባ ይበላል?»

 እኔ መሬት መሬት እያየሁ፣ «አይበላም። ለዘር ነው። ትናንት ከጓሯችን ተነቅሎ ነው የመጣ» አልኩ። ተናገርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ረጅም ነገር ወንድ ፊት ተናግሬ አላውቅም። ግን ድምፄ ከማጠጫው ጠብታ አይበልጥም ነበር።

«ምን አለች?» አለ እንግዳው።

«ዘር እያባዛሁ ነው እያለች ነው፣ ጓድ» አለ ሊቀ መንበሩ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ።

«ጎበዝ! ዘሩን ለመላው ቀበሌ አከፋፍሉ» አለ ሰውዬው፤ በማስታወሻው ጻፈ። ተጨበጨበ። አጠገቤ የቆሙት ሴቶች ያልኩትን ሰምተዋል። ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡት እነሱ ናቸው።

እናቴ ስትሰማ አላለቀሰችም። «ያቺን የቀረችውን አጠጪ» ብቻ አለች። ጎባጣዋን በባላ ደግፌ፣ ሥሯን አፈር አልብሼ፣ ንጋትና አመሻሽ ላይ አጠጣኋት። የዶሮ ጫጩት ሲጠጋት በድንጋይ አባረርኩ። የዕቃ ማጠቢያ ውሃ እንኳ አላባከንኩም። ዘለላዋ ቢጫ ሲሆን ቆርጬ ጓዳ ውስጥ ዘቅዝቄ ሰቀልኳት፣ ታቿ ላይ ጨርቅ ዘረጋሁ። ዘሯ ወረደ። ጥቁር፣ ክብ፣ በጣት ሲያሹት የሚንሸራተት። አንድ የሻይ ብርጭቆ አይሞላም፤ ግን ዘር ነበር። እናቴ መዳፏ ላይ አፍስሳ በጣቷ አገላበጠችውና «አልሐምዱሊላህ፣ አልጠፋም» አለች።

ሊቀ መንበሩ በግንቦት መጣ፣ በእንግዳው ትእዛዝ መሠረት ዘር ሊያከፋፍል። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነበር፤ ከስድስቱ ድርቆሾች ያረገፈው ነው። የጓሯችንንም ጨምሬ ልውሰድ አለ። ጥቅሉን ከፈትኩት። ጠፍጣፋ፣ የተሸበሸበ፣ እፍ ቢሉት የሚበር ገለባ።

«ይህ ፍሬ የለውም። ሳይደርስ ነው የተነቀለው። አይበቅልም» አልኩት። ይህን ጊዜ ድምፄ ወጣ። ሰምቷል።

«ስድስተኛ ክፍል ምን አስተማረሽ?» አለ እየሳቀ። «ዘር ዘር ነው። የእናንተንስ?»

«የእኛ ከጎባጣዋ ነው። ታሰድባችኋለች።»

 ከጎባጣዋ መሆኑን ሲሰማ ጋዜጣውን ጠቅልሎ ሄደ። እኔ ከዘራችን ለለመኑኝ ሁለት ጎረቤቶች በትንሽ በትንሹ ሰጠሁ፤ የሰጠሁት በዚያ ቀን ላላጨበጨቡት መርጬ አይደለም፣ ያላጨበጨበ አልነበረምና። ዘር የጠየቀ አይመለስም፣ እናቴም አትፈቅድም። የቀረውን በራሳችን መደብ ላይ በተንኩ፣ ያለ ሜትር፣ ከአመድ ጋር ቀላቅዬ።

ሊቀ መንበሩ ገለባውን በሞዴሉ ቦታ በመስመር ዘራና የማጠጫ ተራ ደለደለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ አፈር አጠጣን። አልበቀለም ላለው ሰው፣ ወፍ በልቶት ነው ይል ነበር። የእኔ ተራ ሲደርስ የቤቴን መደብ ንጋት ላይ አጠጥቼ፣ ብቅ ብቅ ያሉትን ጥንድ ጥንድ ቅጠሎች አይቼ ሄድኩ። እንስራዬን አጠገቤ አስቀምጬ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ጠበቅኩ። ስሜ ሲጠራ «አቤት» አልኩ፣ ከሁሉም ሴት ጎላ ብዬ። ውሃውን እሱ በለካው መስመር ላይ፣ አንዲት ጠብታ ከመስመር ሳላስወጣ፣ አፈሰስኩለት።