«ይግቡ» የማያውቀው በር

በሩ ላይ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛው የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያቀርብ የመጣው ተማሪ ነው፤ የተዋሰው ኮት እጅጌ ጣቶቹን ይሸፍናል። ሁለተኛው አማካሪው፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ዶክተር። ሦስተኛዋ የሕንፃው ጥበቃ፣ ሲናደዱ በሲዳምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱ ወይዘሮ። አራተኛው ከሌላ ከተማ የመጡ ፈታኝ ናቸው፤ እሳቸው ኋላ ነው የተቀላቀሉን፣ ያውም ከውስጥ። አምስተኛው እኔ፤ መናኸሪያ ካለው ሱቄ የጽሑፉን ቅጂዎች ጠርዤ በባጃጅ ያመጣሁት። ጥረዛን ያስተማረኝ የለም፤ አሮጌ መጻሕፍት እያፈረስኩ ነው የለመድኩት።

ሌሎቹ ፈታኞች ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጠው እየጠበቁ ነበር። ክፍሉን ቀጥሎ ሌላ ተማሪ ይፈልገዋል። የልጁ ተራ ካለፈ ከጓደኞቹ ጋር መመረቁ ይቀራል፤ እናቱ ደግሞ ለምርቃቱ በግ ገዝተዋል።

በሩ በካርድ ነው የሚከፈተው። ካርዱን ሲያስጠጉት ጢጥ ይላል፣ አረንጓዴ ይበራል፣ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ይቆለፋል። አማካሪው ካርዳቸውን አስጠጉ። አረንጓዴ በራ። ወደ እኔ ዞሩና፣

«ሸክም የያዘ ይቅደም። ግባ ልጄ» አሉኝ።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!»

«በፍጹም፤ ከብዶሃል።»

«አልከበደኝም፣ ይግቡ።»

ቀጭ። ተቆለፈ። መልሰው ቢያስጠጉት ቀይ በራ።

«ይሄ ማሽን አንዴ ያስገባውን ሰው ሳይወጣ ደግሞ አያስገባም» አሉ ጥበቃዋ። «ካርድ እንዳትዋዋሱ ነው። ለእሱ እርስዎ ገብተዋል።»

«እዚህ ቆሜያለሁ እኮ!»

«ለእኔ አይንገሩኝ፤ ለእሱ ይንገሩት።»

ልጁ እጅጌውን ሰብስቦ የራሱን ካርድ አስጠጋ። አረንጓዴ። ከዚያ ምን አደረገ? አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ዶክተር፣ ይግቡ» አለ።

«የዛሬው ሙሽራ አንተ ነህ፣ ግባ!»

«እንዴት ከእርስዎ ቀድሜ?»

ቀጭ።

ጥበቃዋ በሲዳምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ትርጉሙን አልጠየቅኩም። ከዚያ በአማርኛ፣ «እኛም ቤት ሽማግሌ ይቀድማል። የእኛ በር ግን ይጠብቃል!» አሉ።

«እናቴ፣ በእርስዎ ካርድ?» አለ ልጁ ላብ እያጠመቀው።

«የእኔ ጥበቃ ከውጭ ነው። ካርድ አልሰጡኝም።»

በዚህ መሃል በሩ ከውስጥ ተከፈተ። እንግዳው ፈታኝ ሊፈልጉን ወርደዋል። ያኔ በሩን ብንይዘው ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር። እኛ ግን ሦስታችንም ለሁለት ተከፍለን መንገድ ለቀቅንላቸው። «ይውጡ፣ ይውጡ!» ወጡ። ቀጭ።

«ምን ሆናችሁ? አሁን ካልጀመርን ክፍሉን ለቀጣዩ ተማሪ ሊሰጡት ነው» አሉ።

የቀረን የእሳቸው የእንግዳ ካርድ ብቻ ነበር፤ ሲወጡ ከውስጥ ስላስጠጉት ማሽኑ መውጣታቸውን ያውቃል። አማካሪው ሁኔታውን በአጭሩ አስረዷቸው፤ ፈታኙም፣ «ገባኝ፣ ገባኝ፣ ዛሬ ይሉኝታ የለም» ብለው ካርዱን አስጠጉ። አረንጓዴ በራ። ፈታኙ እጃቸውን ዘርግተው፣

«ዶክተር፣ ይግቡ እንጂ!»

«እንግዳው እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«በዕድሜ ይቀድሙኛል።»

«ኧረ በሞቴ!»

ጥበቃዋ አልቻሉም። ልጁን በሁለት እጃቸው ከወገቡ ላይ ገፍተው፣ «ግባ አንተ! በጉ ይታረድልህ!» ብለው ወደ ውስጥ ወረወሩት። ልጁ ውስጥ ሲገባ በሩን በጀርባው ደግፎ ቆመ። ፊቱ ያጠፋ ሰው ፊት ነበር፤ ከመምህሩ ቀድሞ መግባቱ ከፈተናው በላይ አሳፍሮታል። ቅጂዎቹን በክንዱ ላይ ደረደርኩለት። በሩ ተከፍቶ ሲቆይ ማሽኑ መጮህ ጀመረ፤ ሁለቱ ምሁራን ግን ደጃፉ ላይ «ይግቡ» «ይቅደሙ» መባባላቸውን አላቋረጡም።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። ባለባጃጁ ስለጮኸብኝ ሄድኩ። ልጁ ማለፉን የሰማሁት የታረመውን ቅጂ ሊያስጠርዝ ሲመጣ ነው፤ ጥቂት የሥርዓተ ነጥብ እርማት ብቻ ነው የሰጡት። ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደገባ ስጠይቀው ግን፣ «ጥበቃዋ በሩን ሲይዙልኝ ወደ ደረጃው እየሮጥኩ ስለነበር አላየሁም» አለኝ። ጥበቃዋ አማካሪው ናቸው ይላሉ፣ ሌላ ቀን ስጠይቃቸው ደግሞ ፈታኙ ናቸው ይላሉ። በዚያ ሰዓት እዚያ የነበራችሁ፣ በተለይ ማሽኑ ሲጮህ በመስኮት አንገታችሁን ያወጣችሁ፣ ያያችሁትን ጨምሩልኝ። የፈታኙ ከረባት ቡኒ ይሁን ቀይም እርግጠኛ አይደለሁም።